መትተው «እኔን!» የሚሉት እትዬ

እኔን ባይ የሌለበት ሰፈር ሰፈር አይባልም። ታውቋቸዋላችሁ። ድንጋይ ሲያደናቅፋችሁ፣ ገና ጣታችሁ ሕመሙን ሳይሰማ፣ እሳቸው ከመንገዱ ማዶ «እኔን!» ይላሉ። ብርጭቆ ከእጃችሁ ሲያመልጥ «እኔን!»። ስታስነጥሱ «እኔን!»። አውቶቡስ ጥሏችሁ ሲሄድ «እኔን ይድፋኝ!»። በዓለም ላይ የሚወድቅ፣ የሚሰበርና የሚያመልጥ ነገር ሁሉ በእሳቸው በኩል እንዲያልፍ የተዋዋሉ ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ፣ በየቤተ ዘመዱ አለ። የማይገባበት አንድ ቦታ ቢኖር የቦክስ ቤት ነው።

እትዬ እኔን ግን ገቡ።

ስሙን ያወጣላቸው የቦክስ ቤቱ ነው። ከዚያ በፊት በሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ፣ ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሴት ነበሩ። በመስኮታቸው በኩል በቀን ሁለት መቶ በሽተኛ ያልፋል። ሁለት መቶውም ካርዱን ከመቀበሉ በፊት አንድ አንድ «እኔን» ይቀበላል። «እኔን» የተባለው ሰው ሕመሙ ቀለል ብሎት ሐኪሙን ሳያይ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን አለ ብለው የሚያሙ ነርሶች ነበሩ። ነርስ ደግሞ ያለ ምክንያት አያማም።

ታዲያ ስኳራቸው ጨመረ። ሐኪሙ በሦስት ወር ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን ብሎ ካስፈራራቸው በኋላ በእግር እንዲሄዱ አዘዘ። ሄዱ። መንገድ ላይ ግን ሰው አለ። የአንዷን ዘንቢል ያግዛሉ፣ የሌላውን የወገብ ሕመም ከነታሪኩ ይሰማሉ፣ ጠፋሁ ብሎ አቅጣጫ የጠየቃቸውን ሰው እደጁ ድረስ ይሸኛሉ። ሁለት ኪሎ ሜትሩን በአራት ሰዓት ይጨርሱታል። በወሩ ሲመዘኑ ሁለት ኪሎ ጨምረው ተገኙ፤ በየደረሱበት «ሳይቀምሱማ አይሄዱም» እየተባሉ። ሐኪሙ ራሱን ይዞ «እባክዎ እትዬ፣ ቆሞ ማውራት የማይቻልበት ስፖርት ይፈልጉ» አላቸው።

ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከጎማ ጥገናው ሥር፣ አሥራ ሁለት ደረጃ ወደ ታች የሚያስወርድ አዳራሽ አለ። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፤ ላይ ጎማ ሲነፋ ታች ኮርኒሱ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ሰኞና ረቡዕ ቦክስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጂዩ ጂትሱ ይሰጣል። የሚያስተምረው ሰው ሻለቃ ይባላል። ሻለቃ ያሉት ተማሪዎቹ ናቸው እንጂ እሱ እንኳን ሻለቃ ሊሆን የጥበቃ ደንብ ልብስ እንኳ ለብሶ አያውቅም። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጆሮው በትግል ብዛት ተጨማዷል፣ ቃል ይቆጥባል። በሁለት ሰዓት ልምምድ ውስጥ ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፦ «ድገሙት!»። ጥሩ ሠራችሁም ድገሙት፣ አበላሻችሁም ድገሙት። ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ በቀይ ቀለም የጻፈው ሕግ አለ፦

«እዚህ ወሬ የለም። እዚህ እዘኑልኝ የለም።»

ሻለቃ አንድ ሕልም ነበረው። ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ለአዳራሹ እውቅና እንዲሰጠው ዘጠኝ ዓመት ማመልከቻ አስገብቷል። እውቅና የሌለው ቤት ተማሪ ወደ ይፋ ውድድር አይገባም፤ የቱንም ያህል ቢጎብዝ ምድር ቤት ውስጥ እርስ በርሱ ሲደባደብ ይኖራል። በዚያ ዓመት ግን ደብዳቤ መጣለት። ሦስት ገምጋሚዎች በሁለት ወር ውስጥ መጥተው ቤቱን ያያሉ። ደብዳቤው በወፍራሙ የጻፈው አንድ ቃል ነበር፤ ዲሲፕሊን። ሻለቃ ቃሉን ሲያነብ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከእሱ ቤት የበለጠ ዲሲፕሊን ከየት ሊመጣ?

በማግሥቱ እትዬ እኔን አሥራ ሁለቱን ደረጃ ወረዱ።

መጀመሪያ የሰጣቸው ባላጋራ የአሸዋ ከረጢት ነበር። ጓንት አጠለቀላቸው፣ አቋቋማቸውን አስተካከለ፣ «ይምቱ» አላቸው። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ቡጢ አሳረፉ። ካርድ የሞላ መሳቢያ ሃያ ስድስት ዓመት የሳበ ክንድ ቀልድ አያውቅም፤ ከረጢቱ ከነሰንሰለቱ ተወዛወዘ።

«እኔን!» አሉ እትዬ፣ ከረጢቱን አቅፈው።

አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ሻለቃ ግድግዳውን አሳያቸው። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ሕጉን አነበቡና «ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አንተ ነህ የጻፍከው ልጄ?» አሉት። ተማሪዎቹ «ሻለቃ» እያሉ በእርስዎ የሚያናግሩትን ሰው ልጄ ብለው አረፉት።

ሁለተኛው ባላጋራ ብረት በያጁ ተማሪ ነው። በያጁ በቤቱ ካሉት ሁሉ ግዙፉ ነው፤ በር ሲገባ በጎኑ ነው የሚገባው። እትዬ ግራ ቡጢያቸውን አፍንጫው ላይ አሳረፉና እጃቸውን ጥለው ፊቱን በሁለት ጓንት ያዙት።

«እኔን ይብላኝ! አመመህ?»

«እትዬ፣ እጅ ወደ ላይ!» ጮኸ ሻለቃ።

«ቆይ እስኪ ልጄ፣ አፍንጫው ቀልቷል። ቀና በል የኔ አንበሳ፣ እፍ ልበልልህ።»

በያጁ ቀና አለ። የሚያሳዝነው ነገር ቀና ማለቱ ነው። መቶ አሥር ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ሲረጭ የሚውል ሰው፣ አፍንጫውን ዘርግቶ ቆመ፤ እትዬም እፍ አሉለት።

ጂዩ ጂትሱው ደግሞ የባሰ ሆነ። ለማያውቀው፣ ጂዩ ጂትሱ ማለት ምንጣፍ ላይ ተንከባሎ፣ ሰውን አንቆ ወይም ክንዱን ጠምዝዞ እጅ ማሰጠት ነው። የተያዘው ሰው ሲበቃው ባላጋራውን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፣ ያዡም ወዲያው ይለቃል። ሕጉ ይኸው ነው። ሕፃን ይገባዋል።

እትዬ ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነውን የሒሳብ መምህር አንገት ያዙ። መምህሩ ቀጭን ነው፣ አንገቱ ደግሞ ከእሱም ይቀጥናል። ያዙትና ይጠይቁት ጀመር፦ «ተመቸህ? ክርኔ አልቆረቆረህም? ትንሽ ዝቅ ላድርገው?» መምህሩ መልስ የሚሰጥበት አየር የለውም። ፊቱ በርበሬ መስሎ ትከሻቸውን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። እትዬ ክንዳቸውን ሳያላሉ ዘወር ብለው «አቤት የኔ ልጅ፣ ምን ፈለግክ?» አሉት።

ሻለቃ ሮጦ አስለቀቀው።

የተያዙት እሳቸው ሲሆኑ ደግሞ መታ የሚባል ነገር የለም። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ በስንት መከራ ክንዳቸውን ቆለፈ። እትዬ ጣሪያውን እያዩ ዝም ብለው ተጋደሙ።

«ካመመዎት መታ ያድርጉ እትዬ!» ጮኸ ሻለቃ።

«ተወው ልጄ። ስንት ሳምንት ለፍቶ ዛሬ ገና መያዙ ነው፣ ትንሽ ደስ ይበለው።»

መምህሩ ይህን ሲሰማ ክንዳቸውን ለቆ ተነስቶ ሄደ። ያን ቀን እንኳ ያሸነፈው ማን እንደሆነ ዳኛ ቢቀመጥበት አይለየውም።

ሻለቃን ያስጨነቀው የእሳቸው ጉዳይ አልነበረም። አንዲት ሴት ምን ታመጣለች ብሎ ነበር። ያስጨነቀው የሌሎቹ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ የእሱ ተማሪዎች ደግሞ ታንቀውም «እኔን» የሚሉ ሆኑ። መጀመሪያ መምህሩ ጀመረ፣ በሹክሹክታ። ቀጥሎ በያጁ ከረጢቱን መትቶ ዳበሰው። ከወር በኋላ አዳራሹ ውስጥ የቡጢው ድምፅና የ«እኔን» ድምፅ እኩል ይሰማ ጀመር፤ ዷ፣ እኔን፣ ዷ፣ እኔን። ከላይ ጎማ ጠጋኙ «ታች ምን ከፈትክ? ሐኪም ቤት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀው። አንድ ቀን ሻለቃ ራሱ የሰው እግር ረግጦ ቃሏ ጥርሱ ጋ ስትደርስ መልሶ ዋጣት።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ሦስቱ ገምጋሚዎች ወረቀታቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ሰብሳቢያቸው ፊታቸው የማይፈታ፣ ሽበታም ሰው ናቸው። ለመጋጠሚያ የሚሆኑ ልጆችን ይዞ የመጣው ከድልድዩ ማዶ ያለው ቤት አሰልጣኝ ነው። የእሱ ቤት ከአራት ዓመት በፊት እውቅና አግኝቷል፤ ባገኘው ቁጥርም ለሻለቃ ይህን ያስታውሰዋል።

በያጁ ወደ ሪንግ ገባ። ደወሉ ተደወለ፤ ደወል የምንለው ከጣሪያው የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት ዘንግ ይመታል። ለአንድ ደቂቃ ያህል በያጁ እንደ ሰው ተጋጠመ። ከዚያ ንጹሕ ቀኝ ቡጢ የባላጋራው አገጭ ላይ አሳረፈ። ሻለቃ ከመቀመጫው ተነሳ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ቡጢ ነበር።

«እኔን!» አለ በያጁ፣ ሁለት እጁን ጥሎ፣ አገጩን ሊያይለት ጎንበስ ብሎ።

ባላጋራው ዝግጁ የነበረውን ግራ እጁን ሰነዘረ። በያጁ ተዘረረ። ከአግዳሚው ጀርባ ከአሥራ አምስት አፍ በአንድ ጊዜ «እኔን!» ተሰማ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

የድልድዩ ማዶ አሰልጣኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ስማ ሻለቃ» አለ፣ «ያንተ ልጆች ይማታሉ ወይስ ያስታምማሉ?» ሰብሳቢው አልሳቁም። የሆነ ነገር ጻፉ፣ ወረቀታቸውን አጠፉና «ከወር በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሰን እናያለን። የመጨረሻ ነው» ብለው ደረጃውን ወጡ።

ሻለቃ ያን ዕለት በአንድ ቀን የዓመት ቃሉን ጨረሰ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «እትዬ» አለ፣ «ይሄ የቦክስ ቤት ነው እንጂ የማገገሚያ ክፍል አይደለም። እነዚህን ሰዎች እኔ ድንጋይ አድርጌ ስሠራ እርስዎ ሊጥ አደረጉብኝ። ከነገ ጀምሮ አይምጡብኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እኔን፣ ተናደድክ» አሉ በቀስታ። «ፊትህ ጥሩ አይደለም ልጄ፣ ተቀመጥ።» የእጅ ፋሻቸውን ጠቅልለው፣ የሌሎቹንም ተዝረክርኮ ስላዩት እሱንም ጠቅልለው፣ ወጡ። ከአሥራ ሁለቱ ደረጃ ስንት እንደቀራቸው ሁሉም በጆሮው ይቆጥር ነበር።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ሻለቃ እንደተመኘው ሆነ። ዝም አለ። ተማሪዎቹ ይገባሉ፣ ይሰነዝራሉ፣ ይመታሉ፣ ይወጣሉ። ለሁለት ሳምንት ትንፍሽ ያለ አልነበረም። በያጁ የተመታ አፍንጫውን ይዞ ጥግ ይቆማል፤ መምህሩ ገና ሳይያዝ መታ መታ ያደርጋል። ሻለቃ «ይኼውላችሁ፣ ዲሲፕሊን» ብሎ አሰበ፤ ግን ጮክ ብሎ አልተናገረውም፣ ወሬ የለምና።

አንድ ሐሙስ ግን ባላጋራ አጣጣል እያሳየ ወደ ኋላ ሲራመድ የሪንጉ ብረት እግር ቅልጥሙን አገኘው። ድምፁ ከላይ ጎማ ጥገናው ድረስ ተሰማ ይባላል። ሻለቃ አልጮኸም። ቅልጥሙን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠና ጠበቀ። ሃያ ሦስት ሰው ቆሞ ያየዋል። ሃያ ሦስቱም ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ላኩ፣ ሕጉን አነበቡ፣ ከንፈራቸውን ገጠሙ። በያጁማ አፉን በእጁ ይዟል። ሻለቃ አሁንም ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ የገባው ቆይቶ ነው። ሰው የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ያደገው ሲወድቅ «እኔን» እየተባለ ነው፤ ያቺ ቃል እስካልተባለች ድረስ መውደቁ አያልቅም፣ እንደወደቀ ይቆያል። ሻለቃ ዝምታው ውስጥ እንደወደቀ ቆየ። ሆድ ባሰው። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጆሮው ተጨማዷል፣ ሆድ ባሰው።

«ድገሙት» አለ በመጨረሻ። ምኑን እንደሚደግሙ አላወቁም።

በማግሥቱ እያነከሰ ሐኪም ቤት ሄደ። ካርድ ክፍል ፊት ተሰለፈ። ከፊቱ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ተራ ጥሶ ክንዱን በመስኮቱ አሾለከ። ከውስጥ አንዲት ግራ እጅ ወጥታ፣ በትክክል በአገጭ ቁመት፣ ክንዱን ወደ ጎን መለሰችው። ሻለቃ ያን አመላለስ ያውቀዋል፤ ራሱ ያስተማረው ነው።

«ወደ ኋላ የኔ ጌታ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አሉ እትዬ እኔን። «እኔን፣ አመመዎት?»

ሃያ ስድስት ዓመት ለተራ ጣሽ ሁሉ እያዘኑ ሲያሳልፉ እንደኖሩ ሻለቃ በኋላ ከነርሶቹ ሰማ። ተራው ሲደርስ እትዬ ቀና አሉ፣ እሱን አዩ፣ እግሩን አዩ።

«እኔን ይድፋኝ! ምን ሆንክ ልጄ?»

ቅልጥሙ በዚያች ሰዓት ተሻለው። ሐኪሙን ሳያይ ሊመለስም ይችል ነበር፤ ነርሶቹ አልዋሹም።

«እትዬ፣ ይመለሱ» አለ።

«ገምጋሚዎቹስ?»

«እነሱም ይመለሳሉ።»

«ስኳሬ ወርዶ ነበር» አሉ እትዬ፣ የእሱን ካርድ እየፈለጉ። «ሐኪሙ ገርሞት ነበር። ካቆምኩ ወዲህ ግን ጨምሯል። መርፌ እፈራለሁ ልጄ። ለሰው ሲወጉ እንኳ ዞሬ ነው የምቆመው።»

ሻለቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው። ከደወል እስከ ደወል፣ ሦስት ደቂቃ፣ አፋቸውን እንዲይዙ። ከዚያ ውጪ የፈለጉትን። እትዬ ተራራ ውጡ የተባሉ ይመስል ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። «እሞክራለሁ» አሉ። «አንጀቴ ከቻለ።»

አንጀታቸው በመጀመሪያው ቀን አርባ ሰከንድ ቻለ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ ሞልተው አያውቁም።

ገምጋሚዎቹ በቀኑ መጡ፤ የድልድዩ ማዶ አሰልጣኝም ሊያይ ተከትሏቸዋል። ሻለቃ በያጁን አዘጋጅቶ ነበር፤ እትዬ ከኋላ፣ ከከረጢቱ ጀርባ፣ በተቻለ መጠን እንዳይታዩ ተደርገው ቆመዋል። ሰብሳቢው አዳራሹን ቃኙ፣ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«እሳቸው ይግቡ» አሉ። «እኚያ መነጽር ያላቸው።»

ማዶኛው አሰልጣኝ ፈገግ ብሎ ተመቻቸ። ባላጋራቸው መምህሩ ሆነ። እትዬ መነጽራቸውን ለበያጁ አስያዙ፣ የጥርስ መከላከያቸውን ነከሱ። ቸርኬው ተመታ።

የመጀመሪያዋ ግራ ቡጢ መምህሩ ግንባር ላይ አረፈች። እትዬ ጉንጫቸው ተነፋ፤ አፋቸው ግን አልተከፈተም። ሁለተኛዋ ጎኑ ላይ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። እጃቸው አንዴም አልወረደም። መምህሩ መትቷቸዋል፣ መልሰው መትተውታል፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ ቡጢያቸው ይሄዳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ቡጢኛ አላየም። ሻለቃ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱ እንዲፈጥን ለመነ።

ቸርኬው ተመታ።

«እኔን!» አሉ እትዬ፣ መከላከያቸውን ተፍተው። «ይሄ ለግንባርህ። እኔን፣ ይሄ ለጎንህ። እኔን፣ ለጎንህ ሁለተኛው። እኔን፣ ለከንፈርህ…» አንድም ሳያስቀሩ፣ በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዷን በጓንታቸው እየዳበሱ መለሱለት። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አፍነው ቆጥረዋታል።

ሰብሳቢው ብዕራቸውን አነሱ።

«ስንት ሆነ?» አሉ።

«አሥራ አራት፣ የኔ ጌታ።»

«እኔ አሥራ ሦስት ነው የጻፍኩት።»

«አንዷ ደካማ ነበረች» አሉ እትዬ። «እሷም ግን ታሳምማለች።»

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ትንሽ አዩ። አሥራ ሦስትን ሰረዙ፣ አሥራ አራት ጻፉ። ከዚያ ዲሲፕሊን የሚለው አምድ ላይ ሲደርሱ፣ አጠገባቸው የነበረው ገምጋሚ እንደመሰከረው፣ ብዕራቸውን ሳያነሱ ሙሉ ነጥብ ሞሉ። ማዶኛው አሰልጣኝ ተጣድፎ ሄደ፤ ደረጃው ላይ ተደናቅፎ አምስት ሰው «እኔን» አለው።

የእውቅናው ወረቀት በፍሬም ገብቶ የመጣ ቀን ሻለቃ በርጩማ ላይ ወጥቶ ሰቀለው። ከዚያ ቀይ ቀለሙን አንስቶ ከድሮው ሕግ ሥር አንድ መስመር ጨመረ፦

«እኔን የሚባለው ከደወል በኋላ ነው።»

ነጥቧን ሊያስቀምጥ ዘንበል ሲል በርጩማው ከዳው። ሻለቃ ከነቀለሙ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። ሠላሳ ሰው አፉን ከፈተ፣ ግድግዳውን አየ፣ መልሶ ዘጋ። ስድሳ ዓይን ወደ ቸርኬው ዞረ። በያጁ ሰው እየገፈተረ ሮጠ፣ ዘንጉን አነሳ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው።

«እኔን!» አለ አዳራሹ። ኮርኒሱ ተንቀጠቀጠ።

ሻለቃ በጀርባው እንደተኛ፣ ቀይ ቀለም በጆሮው ላይ እየወረደ፣ ጣሪያውን አየ። እትዬ እኔን መሐረባቸውን ይዘው አጠገቡ ተንበረከኩ።

«ድገሙት!» አለ።